አሥራ አራተኛው ፊርማ

(የጨፌ በር ወረዳ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል። ከጀርባ ባለው አዳራሽ የጽሕፈት ቤት ኃላፊው የአቶ ይርዳው ታፈረ የጡረታ ሽኝት ሊጀመር ነው፤ እሳቸው ግን አዲስ ሱፍ ለብሰው ከመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ከወይዘሮ አሰገደች ጠረጴዛ ፊት ቆመዋል።)

ይርዳው፦ አሰገደች፣ በፈጠረሽ! አንድ ፊርማ ናት እኮ። እስክሪብቶ አንስቶ ጫር ማድረግ ነው።

አሰገደች፦ ጫር የምታደርግ ዶሮ ናት፣ አቶ ይርዳው። እኔ አጣርቼ ነው የምፈርመው።

ይርዳው፦ ክሊራንሱ ላይ አሥራ ሦስት ክፍል «ዕዳ የለበትም» ብሎ ፈርሞልኛል! ንብረት ክፍል ፈርሟል፣ ፋይናንስ ፈርሟል፣ የሻይ ክበቧ እንኳ ፈርማለች። ጥበቃው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቀኝ ነው የፈረመው።

አሰገደች፦ ጥበቃውማ ደንግጦ ነው። በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ «ደህና አደርክ» አሉት። የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት ፈረመ።

ይርዳው፦ እሺ፣ አሁን ቀልዱን እናቆየው። አዳራሹ ሞልቷል። የዞኑ ኃላፊ መጥተዋል። የመድረክ መሪው ዳግማዊ ማይኩን ይዞ «ሀሎ፣ ሀሎ» ማለት ከጀመረ ሩብ ሰዓት አልፎታል። እየሰማሽው አይደለም?

አሰገደች፦ ሰምቼዋለሁ። «ክቡር እንግዳችን በመንገድ ላይ ናቸው» ሲል ሰምቼዋለሁ። መዝገብ ቤት መንገድ ሆነ ብዬ ሳቅሁ።

ይርዳው፦ ታዲያ ፈርሚ!

አሰገደች፦ ይቀመጡ። ላብ በላብ ሆነዋል። ያ አዲስ ሱፍ ሳይመረቅ ሊበላሽ ነው።

ይርዳው፦ አልቀመጥም! ስቀመጥ ሱሪው ይጨማደዳል። በላይነሽ ለመተኮስ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ስትጠብቅ ነው ያደረችው።

አሰገደች፦ ወይዘሮ በላይነሽ መጡ?

ይርዳው፦ መጥታ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ ልጄ ከነእጮኛዋ አለች። ከእነሱ ቀጥሎ የእጮኛዋ አባትና እናት አሉ። ዛሬ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩኝ። ካባ ሲደረብልኝ ይዩኝ ብዬ ሆን ብዬ ነው ቀኑን ያገናኘሁት። ገባሽ አሁን?

አሰገደች፦ ገባኝ። ታዲያ ክሊራንሱ ይቅርና ዝም ብለው ገብተው ካባውን አይደርቡም?

ይርዳው፦ እንዴት ብዬ? ሥርዓቱን ታውቂው የለ? ተሰናባች መድረክ ላይ ወጥቶ አሥራ አራቱም ፊርማ ያለበትን ቅጽ ለበላይ ኃላፊ በእጁ ያስረክባል። ካባው የሚደረበው ከዚያ በኋላ ነው።

አሰገደች፦ ሥርዓቱን ያወጣው ማን ነበር?

ይርዳው፦ እሱ አሁን ምን ያደርጋል?

አሰገደች፦ ረስተውት ከሆነ መመሪያው እዚህ አለ፣ ላውጣልዎት።

ይርዳው፦ እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያወጣሁት። ያ የፕላን ባለሙያ ሲለቅ ያችን የምትሽከረከር ወንበር በባጃጅ ጭኖ ስለሄደ ነው።

አሰገደች፦ አንድ ወንበር ሄደና አሥራ አራት ፊርማ መጣ። ያች ምስኪን የጽዳት ሠራተኛ፣ እማማ ደስታ፣ ጡረታ ስትወጣ ይህንኑ ቅጽ ይዛ ሁለት ወር ተመላልሳለች። እጇ ላይ ከመጥረጊያ በቀር ምንም ያልነበራት ሴት! እርስዎን ፍለጋ በር ላይ ቁጭ ስትል እኮ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባለች ነው።

ይርዳው፦ ስብሰባ ላይ ነበርኩ!

አሰገደች፦ ሁለት ወር?

ይርዳው፦ ረጅም ስብሰባ ነበር። አሰገደች፣ ለእማማ ደስታ ነው የምትበቀይኝ?

አሰገደች፦ ምን በቀል አመጣው! ይልቅ ያ በእጅዎ የያዙት ወረቀት ምንድን ነው? ክሊራንሱ እኔ ጋ ነው፤ ያኛው ምንድን ነው?

ይርዳው፦ እ... ይሄ? ዳግማዊ ያዘጋጀው የሕይወት ታሪክ ነው። መድረክ ላይ የሚነበብ።

አሰገደች፦ የእጅ ጽሕፈቱ የእርስዎ ነው።

ይርዳው፦ ሐሳቡን ሰጠሁት። ልጅ ነው፣ የኔን ዘመን የት ያውቃል?

አሰገደች፦ እስቲ ያንብቡልኝ።

ይርዳው፦ አሁን?

አሰገደች፦ አዳራሽ የምገባበት ጊዜ ካጣሁስ? ቆሜም ቢሆን ልስማ።

ይርዳው፦ ይኸው... ባጭሩ ልንገርሽ። «አቶ ይርዳው ታፈረ በሠላሳ አራት ዓመት የአገልግሎት ዘመናቸው ፀሐይና ዝናብ ሳይበግራቸው ሕዝባቸውን...»

አሰገደች፦ ቢሮ ውስጥ ምን ዝናብ አለ?

ይርዳው፦ ጣሪያው ያፈስ ነበር እኮ!

አሰገደች፦ እሱንም ያላስጠገኑት እርስዎ ነዎት። ይቀጥሉ።

ይርዳው፦ «...ትሑት፣ ሰው አክባሪ፣ በራቸው ለባለጉዳይ ሁሌም ክፍት የነበረ...»

አሰገደች፦ መዝጊያው ተሰብሮ አልነበረም እንዴ? እሺ፣ እሺ። አላቋርጥም።

ይርዳው፦ ይቺን ስሚያት፣ ይቺን ነው የምወዳት። «በተለይም በመዝገብ አያያዝ ረገድ ለዞናችን ምሳሌ የነበሩ ሲሆን፣ በዘመናቸው አንዲት ፋይል ጠፍታ አታውቅም።» አየሽ? ለአንቺም ክብር ናት። ያንቺን ክፍል ነው ያስጠራሁት።

አሰገደች፦ እስቲ ይድገሙልኝ።

ይርዳው፦ «በዘመናቸው አንዲት ፋይል ጠፍታ አታውቅም።»

አሰገደች፦ አንዲት?

ይርዳው፦ አንዲት።

አሰገደች፦ አሁን እኔ ደግሞ የኔን ላንብብልዎት። ከግል ማኅደሬ ነው ያወጣሁት። «ለወይዘሮ አሰገደች በለው፤ ባሉበት። በእጅዎ የነበረውን የሕዝብ ቅሬታ ፋይል ቁጥር ሰባት በከፍተኛ ግዴለሽነት ያጠፉ በመሆኑ፣ ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል።» ከግርጌው ፊርማ አለ። የማን ነው?

ይርዳው፦ ... ያኔ ፊርማዬ ያምር ነበር።

አሰገደች፦ አሁንም ያምራል። ከሁለት አንዱ ነው እንግዲህ፣ አቶ ይርዳው። ወይ ፋይል ጠፍቶ አያውቅም፣ እኔ በሐሰት ተቀጥቻለሁ። ወይ ደግሞ ፋይል ጠፍቷል፣ እርስዎ በዞኑ ኃላፊና በአማቾችዎ ፊት ሊዋሹ ነው። የቱን ልያዝ?

ይርዳው፦ ኧረ ንግግር እኮ ነው! በሽኝት ንግግር ላይ እውነት የሚጠብቅ ማን አለ? አምና ለዚያ ለኮንስትራክሽን ሰውዬ «ታጋሽ» ተብሎ ተነበበለት። በር በእግሩ ነበር እኮ የሚከፍተው! ማንም አላጉረመረመም፤ ሁሉም አጨበጨበ፣ ሁሉም በላ፣ ሁሉም ሄደ።

አሰገደች፦ እሱ ራሱን አሞገሰ እንጂ በሰው አልተረማመደም።

ይርዳው፦ እሺ ዓረፍተ ነገሯን ላስተካክላት። «ከአንዲት በስተቀር» ብለውስ?

አሰገደች፦ ያች አንዲት ማን አጠፋት ሲባል ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን ሊያይ?

ይርዳው፦ እንዲያው «ብዙ ፋይሎች አልጠፉም» ይባልስ?

አሰገደች፦ ይሄማ ምስጋና መሆኑ ቀርቶ ክስ ሆነ።

ይርዳው፦ ታዲያ ምን ላድርግ? አሥራ አንድ ዓመት ያለፈው ነገር ነው። ጠፋ፣ ጠፋ። ሰው ነን፣ ፋይል ይጠፋል።

አሰገደች፦ አልጠፋም።

ይርዳው፦ ምን?

አሰገደች፦ ይኸው። ፋይል ቁጥር ሰባት። አቧራውን ዛሬ ጠዋት ነው የጠረግሁለት።

ይርዳው፦ ኧ! ተገኘ? እንኳን ደስ ያለሽ! የት ነበር?

አሰገደች፦ እርስዎ ያስቀመጡት ቦታ።

ይርዳው፦ እኔ?

አሰገደች፦ ማስጠንቀቂያው ከተጻፈልኝ ከዓመት ተመንፈቅ በኋላ ነው። አንድ ቅዳሜ «አሮጌ ጋዜጣ ልፈልግ» ብለው ቁልፍ ከጥበቃው ተቀበሉ። ሰኞ ስገባ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከስድስትና ከስምንት መካከል፣ ይሄ ቁጭ ብሏል። እኔ መደርደሪያዬን አላውቀውም? ቤቴ እንግዳ የመጣ ያህል ነው የታወቀኝ።

ይርዳው፦ ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? አሥር ዓመት ሊሞላው!

አሰገደች፦ ብናገር ምን ሊባል? «ደብቃው ኖራ ስትቀጣ አወጣችው» ሊባል አይደል? ጠፋ ሲባል እኔ፤ ተገኘ ሲባልም እኔ። የእርስዎ ቃል ከኔ ቃል ጋር ቢቀርብ የማን ይታመን ነበር? ንገሩኝ እስቲ።

ይርዳው፦ ... የኔ።

አሰገደች፦ እንዲህ እውነት ሲናገሩ ደግሞ እንዴት ደስ ይላሉ! በሉ ይሄን ይዩልኝ። ሽፋኑ ላይ ያለው ክብ ነገር ምንድን ነው?

ይርዳው፦ ማኅተም... ይመስላል።

አሰገደች፦ ሽፋኑን ሰርስሮ እስከ ገጽ አርባ ሁለት የዘለቀ ማኅተም? ጣትዎን ያስገቡበት እስቲ። ያስገቡበት! እስከ አንጓዎ ድረስ ይገባል።

ይርዳው፦ እ... አይጥ ይሆን?

አሰገደች፦ አይጥ ኮምፓስ ይዛ?

ይርዳው፦ ቀስ በይ፣ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ። በሩን ዝጊው።

አሰገደች፦ በርዎ ሁሌም ክፍት አልነበረም?

ይርዳው፦ አሰገደች፣ በሞቴ! ... ቡፌ ነው።

አሰገደች፦ የምን ቡፌ?

ይርዳው፦ የቤታችን ቡፌ። የእግሩ ምልክት ነው። አንቺ ሳትኖሪ ፋይሉን ከመደርደሪያው አንስቼ ቤት ወስጄው ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ ቅሬታውን አንድ በአንድ ልመልስ ብዬ። በሙሉ ልቤ ነው የወሰድኩት፣ እመኚኝ። ያን ሰሞን በላይነሽ ያን ትልቅ ቡፌ አስገዛችኝ። የቤቱ ወለል ደግሞ አልተስተካከለም፣ ሰው ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤት ሲያስነጥስ እንኳ ይንጫጫል! እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስመለስ ዝም ብሏል። ደስ አለኝ። በምን ደገፍሽው ብዬ አልጠየቅሁም።

አሰገደች፦ የወረዳው ሕዝብ ቅሬታ የእርስዎን ቡፌ ደግፎ ከረመ?

ይርዳው፦ መጀመሪያ ሌላ ፋይል ሞክራ ነበር አሉ። ቀጭን ሆነባት።

አሰገደች፦ የትኛውን?

ይርዳው፦ የምስጋና ፋይሉን።

አሰገደች፦ ስንት ገጽ ነበር?

ይርዳው፦ ሁለት።

አሰገደች፦ ኧረ ወይኔ ሆዴ! ቆይ፣ ቆይ፣ ልሳቅበት። ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚህ ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ!

ይርዳው፦ ሳቂ፣ ሳቂ። እኔም ብሆን እስቅ ነበር። ግን ማስጠንቀቂያውን ስጽፍልሽ አውቄ አይደለም! እምልልሻለሁ፤ ወደ ቦታው መልሼዋለሁ ብዬ ነበር የማምነው። ከዓመት ተመንፈቅ በኋላ ቤቱን ልናስቀባ ቡፌው ሲነሳ ነው ያየሁት። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

አሰገደች፦ ያን ቀን ለምን አልመጡም? «አሰገደች፣ ተሳስቻለሁ» ማለት አቃተዎት? ሁለት ቃል!

ይርዳው፦ ልመጣ ነበር። ሰኞ ልመጣ ወስኜ ነበር። እሑድ ማታ ተደወለልኝ። ዞኑ ዋንጫ ሊሰጠኝ ነው ተባልኩ።

አሰገደች፦ የምን ዋንጫ?

ይርዳው፦ «በጠፋ ፋይል ላይ ቆራጥ እርምጃ በመውሰድ።»

አሰገደች፦ በኔ ላይ ማለት ነው?

ይርዳው፦ ስም አልተጠራም።

አሰገደች፦ አመሰግናለሁ! ዋንጫዋንስ የት አስቀመጧት?

ይርዳው፦ ... ቡፌው ላይ።

አሰገደች፦ አሁንስ አልሳቅሁም፣ አቶ ይርዳው። አሁን አናደዱኝ።

ይርዳው፦ አሰገደች...

አሰገደች፦ ዝም ይበሉና ይስሙኝ፤ ሠላሳ ዓመት እኔ ነኝ የሰማሁት። ለቡድን መሪነት ሁለት ጊዜ ተወዳደርኩ። ሁለቱንም ጊዜ «ማኅደርዋ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ» ተባለ። ፋይል መክፈት ያስተማርኩት ልጅ አለቃዬ ሆነ፤ ዛሬ እሱ ሥልጠና ሄዶ ነው ውክልናው እኔ ጋ የመጣው፣ አለዚያማ እርስዎ ገና ጠዋት አስፈርመው ነበር። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር «ይቺን ሴትዮ ተጠንቀቋት፣ ፋይል ትበላለች» ይባልልኛል። እናቴን በቀበርኩ ቀን፣ አስከሬኑ እንደወጣ፣ ከኋላዬ አንዱ «የትኛዋ ናት ልጅየዋ?» ሲል ሌላው ምን አለው መሰልዎት? «ያቺ ፋይል ያጠፋችው።» በእናቴ ቀብር! እንባዬ ለማን እንደሆነ እንኳ ማወቅ አቃተኝ፤ ለእናቴ ነው ወይስ ለራሴ።

ይርዳው፦ ይሄን አላወቅሁም። እውነቴን ነው።

አሰገደች፦ የት ያውቃሉ! እኔም በስምንት ወር ውስጥ ጡረታ እወጣለሁ። የኔን ማኅደር የሚከፍተው ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ሠላሳ ዓመት ያስቀመጥኩትን ፋይል አይደለም። ያቺን አንዲት ወረቀት ነው።

ይርዳው፦ ... ምን ላድርግልሽ? ንገሪኝ፣ አደርገዋለሁ። ሥልጣኔ እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማኅተሙ ለአዲሱ ኃላፊ ነው የሚተላለፈው።

አሰገደች፦ ስለማውቅ ነው ያስቆምኩዎት። ይኸው ደብዳቤው፤ አስተይቤዋለሁ። ወጪ ቁጥርም ይዣለሁ። ማንበብና መፈረም ብቻ ነው።

ይርዳው፦ «የተሰጠዎትን ማስጠንቀቂያ ስለመሻር። ፋይሉ በእርስዎ እጅ ሳይሆን በጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ መኖሪያ ቤት፣ በቡፌ እግር ሥር...» አይ! አይ አሰገደች፣ ቡፌዋን አውጫት!

አሰገደች፦ ለምን?

ይርዳው፦ «በአስተዳደራዊ ምክንያት» በይው። ሁሉን የሚሸፍን ቃል ነው። ዕድሜ ልኬን ስጠቀምበት ኖሬ አንድም ሰው ምን ማለት ነው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

አሰገደች፦ እኔ ነኝ የምጠይቀው። ምን ማለት ነው?

ይርዳው፦ እሺ «የቤት ዕቃ» በይው። «በቤት ዕቃ ሥር።»

አሰገደች፦ «የቤት ዕቃ» ካልን አልጋ ይመስላቸዋል። የሕዝብ ቅሬታ ከአልጋዎ ሥር ተገኘ ቢባል ይሻልዎታል?

ይርዳው፦ ቡፌ ይሁን! ቡፌ ይሁን፣ አምጪ። ይኸው። ይኸው ፈረምኩ። ማኅተሙን ምቺ። ረገጥ አድርገሽ ምቺው።

አሰገደች፦ መታሁ። እስቲ ልየው። ... አሥራ አንድ ዓመት፣ ለዚህች ለአንዲት ገጽ።

ይርዳው፦ ታለቅሻለሽ እንዴ? ኧረ አታልቅሺ፤ እኔም ልጀምር ነው፣ ከዚያ ሁለታችንም አይናችን ቀልቶ ስንወጣ ሰው ምን ይለናል? በይ፣ አሁን የኔን። ዳግማዊ እኮ መዝሙር ጀምሯል፤ የሚለው አልቆበት ነው።

አሰገደች፦ ይሄ ለማኅደሬ ነው፣ አቶ ይርዳው። የተዋረድኩት ግን ማኅደር ውስጥ አይደለም።

ይርዳው፦ የት ነው ታዲያ?

አሰገደች፦ እዚያ አዳራሽ ውስጥ። ሠራተኛው በሙሉ ተሰብስቦ፣ እኔ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እርስዎ በማይክ ነበር ያነበቡብኝ። «ለሌሎች ትምህርት ይሆን ዘንድ» ብለው። ዛሬም አዳራሹ ያው ነው። ማይኩም ያው ነው፣ ያ የሚያፏጨው።

ይርዳው፦ አይሆንም።

አሰገደች፦ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። «ወይዘሮ አሰገደች ፋይል አላጠፋችም፣ ጥፋቱ የኔ ነው።» ይቺን ብቻ። ቡፌውን እተውልዎታለሁ።

ይርዳው፦ በዞኑ ኃላፊ ፊት? ዋንጫውን የሰጡኝ ሰውዬ ፊት ለፊት ተቀምጠው? የልጄ አማቾች እያዩኝ? አሰገደች፣ እነዚያ ሰዎች ልጃቸውን ለጨዋ ቤተሰብ ሰጠን ብለው ነው የመጡት! የሽኝት ቀኔን የቀብሬ ቀን ልታደርጊው ነው?

አሰገደች፦ እኔ የቀብር ቀን ምን እንደሚመስል ነግሬዎታለሁ።

ይርዳው፦ ... ይሄን አትበይኝ። ግን አልችልም። ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ። ቤትሽ መጥቼ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ፤ ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ። ማይክ ፊት ግን አልችልም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ማይክ ይዤ አንድም ቀን «ተሳስቻለሁ» ብዬ አላውቅም፤ አፌ አያውቀውም። አፌ እምቢ ይለኛል።

አሰገደች፦ ከእርስዎ አፍ ነበር የፈለግኩት።

ይርዳው፦ ይቅርታ አድርጊልኝ።

አሰገደች፦ ቅጹን ልፈርመው።

ይርዳው፦ እ?

አሰገደች፦ ክሊራንሱን ነው የምልዎት። ይኸው። «ከመዝገብ ቤት ዕዳ የለባቸውም።» ፊርማ። ቀን። ማኅተም።

ይርዳው፦ ፈረምሽ?

አሰገደች፦ ፋይሉ መደርደሪያው ላይ አለ፣ ደብዳቤው ማኅደሬ ውስጥ አለ። ሕጉ ከዚህ በላይ አይጠይቅም። ሰውን በፊርማ አንቆ መያዝ ደግሞ እኔ አልችልበትም፤ ሲያዝ አይቻለሁ፣ አያምርም። ሂዱ፣ ካባዎን ይደርቡ።

ይርዳው፦ አሰገደች፣ አንቺ እኮ... አንቺ ጨዋ ሴት ነሽ። እንዲህ ብዬሽ አላውቅም ነበር። አዳራሽ ትመጫለሽ አይደል? ፊት አስቀምጥሻለሁ።

አሰገደች፦ እመጣለሁ። እዚያ የተሰቀለውን ፎቶዎንም ደግሜ ልየው ብዬ ነው።

ይርዳው፦ አየሽው? በትልቁ ነው ያሳጠቡልኝ፣ በር ያክላል! ወጣትነቴ ነው።

አሰገደች፦ አይቼዋለሁ። ከቡድን ፎቶ ቆርጠው ነው። ከጎንዎ የቆምኩት እኔ ነበርኩ፤ የሽኝት ኮሚቴው እኔን ቆርጦ ክንዴን ትቶልዎታል።

ይርዳው፦ ያ ነጭ ነገር ክንድሽ ነው? የመጋረጃ ጫፍ ነበር የመሰለኝ!

አሰገደች፦ ክንዴ ነው። በሉ ሂዱ፣ መዝሙሩም አለቀ።

ይርዳው፦ ሄድኩ። እግዜር ይስጥሽ። ሄድኩ።

አሰገደች፦ አቶ ይርዳው።

ይርዳው፦ ወዬ?

አሰገደች፦ ልነግርዎት ያልፈለግኩት ነገር ነበር። በራስዎ ፈቃድ እንዲሆን ስለፈለግሁ ነው የደበቅሁት። ግን ሳያውቁ ቢገቡ ደግሞ አንጀቴ አይችልም።

ይርዳው፦ ምንድን ነው ደግሞ?

አሰገደች፦ ማክሰኞ ወይዘሮ በላይነሽ እዚህ መጥተው ነበር።

ይርዳው፦ የኔዋ በላይነሽ? ምን ልታደርግ?

አሰገደች፦ ይህን ንግግር ቤት መስታወት ፊት ሲለማመዱ ሰሙዎት። «አንዲት ፋይል ጠፍታ አታውቅም» ሲሉ ገረማቸውና «ከቡፌው ሥር የወጣውስ?» ብለው ጠየቁዎት።

ይርዳው፦ አዎ... «ዝም በይ፣ አታበላሺብኝ» አልኳት።

አሰገደች፦ ዝም አላሉም። እንዲህ ካስደነገጠዎት በፋይሉ ምክንያት የተጎዳ ሰው ይኖር ይሆን ብለው ሊጠይቁኝ መጡ። ማስጠንቀቂያውን አሳየኋቸው። እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እኔ ነኝ ያባበልኳቸው።

ይርዳው፦ ለኔ ምንም አላለችኝም! ሱሪዬን ስትተኩስ አድራ ምንም አላለችኝም!

አሰገደች፦ እስከ ዛሬ ጠብቀውዎት ነው። የፕሮግራሙን ወረቀት አይተውታል?

ይርዳው፦ አላየሁም። ምን ይላል?

አሰገደች፦ ተራ ቁጥር አራት፣ የቤተሰብ ተወካይ ንግግር፣ ወይዘሮ በላይነሽ። ተራ ቁጥር አምስት፣ የክቡር እንግዳችን የስንብት ንግግር፣ እርስዎ።

ይርዳው፦ በላይነሽ? በላይነሽ በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም! ምን ልትል ነው?

አሰገደች፦ «ከኔ በፊት እሱ ራሱ ከተናገረው እኔ አመስግኜው ቁጭ እላለሁ። ካልተናገረው ግን ከቡፌው እግር ሥር የሸጎጥኩት እኔ ነኝ፣ እኔ እናገረዋለሁ» ብለውኛል። ከቡፌው ጀምረው፣ እስከ ዋንጫዋ ድረስ።

ይርዳው፦ ... አሰገደች።

አሰገደች፦ አቤት።

ይርዳው፦ ተራ ቁጥር ሦስት ላይ ያለው ማን ነው? ሮጠሽ ቦታውን ይልቀቅልኝ በይው።